ጆሮው አለ፤ ክፍሉ የታለ?

ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ሲያበቃ ውረዱና ወደ አቃቂ አቅጣጫ ጥቂት በእግራችሁ ሂዱ። ማዳመጫችሁን ከጆሯችሁ አውልቁ። መጀመሪያ የምትሰሙት የተሳቢ መኪና ፍሬን ነው። ቀጥሎ ላሜራ የሚቆርጥ ግሪንደር፣ ቀጥሎ መዶሻ፣ ከዚያ ከአንዱ ብየዳ ቤት የሚወጣ ጭርጭርታ። ሁሉም አንድ ላይ ሲመጣ ጆሮ ይይዛል። የሰፈሩ ልጅ ግን ምንም አይመስለውም። አብሮት ያደገ ድምፅ ነዋ!

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ አገር ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ መለዋወጫ ዕቃ፣ ምግብ፣ መጋዘን፣ ጉምሩክ። እዚህ ያደገ ሰው ስለ ቤተሰቡ ሲያወራ «አባቴ ፋብሪካ ነበር» ወይም «እናቴ ክር ክፍል ነበረች» ብሎ ቢጀምር አይገርምም።

ይሄው ድምፅ ሌላ አገር፣ ሌላ የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ሙዚቃ ሆኗል። ስሙም ሄቪ ሜታል ነው። ቃል በቃል «ከባድ ብረት» ማለት ነው። እኛ ጋ ብረቱ አለ፣ ጩኸቱ አለ፣ ጊታር ይዞ የሚንከራተት ልጅም አለ። ታዲያ ሙዚቃው ለምን አልወጣም? ወጥቶ እንኳ ከሆነ ለምን አይሰነብትም?

«የኛ ሰው ጆሮ ሮክ አይወድም» የሚለውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ አልቀበለውም። ምክንያቴን ከውጭ ልጀምርና ወደ አገር ቤት ልመለስ።

ከአስተን የወጡት አራት ልጆች

ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ኦዚ ኦስበርን በ76 ዓመቱ ሲሞት የስልካችሁ ስክሪን በጥቁር ልብስና በመስቀል ሐብል ሳይሞላ አልቀረም። ከሁለት ሳሳምንት ተኩል በፊት፣ ሰኔ 28፣ በትውልድ ከተማው በርሚንግሃም በሚገኘው ቪላ ፓርክ ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ ዘፍኖ ነበር። የፓርኪንሰን ሕመም እግሩን ስለያዘው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። አጠገቡ የነበሩት የብላክ ሳባዝ ጓደኞቹ ናቸው፤ ቶኒ አዮሚ፣ ጊዘር በትለር እና ቢል ዋርድ።

አራቱም ያደጉት አስተን በተባለ ሰፈር ነው። ስታዲየሙ ያለውም እዚያው ነው። አስተን ማለት በዚያ ዘመን የፋብሪካ፣ የጭስ፣ የጠባብ ቤት ሰፈር ነበር። ኦዚ በእንስሳት ማረጃ ቤትና የመኪና ጥሩንባ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። የልብስ ሱቅ ሰርቆም አጭር ጊዜ ታስሯል። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ደግሞ ብረት ፋብሪካ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ከሥራው ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፣ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያ እጁ ነው። ለጊታሪስት ይሄ የሙያ ሞት ማለት ነው።

እሱ ግን የፕላስቲክ ሳሙና ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ በላዩም ቆዳ ለጠፈ። ጣቱ ስለሚያመው ቀጫጭን ክር መጠቀም ጀመረ። በኋላም ክሩን አላልቶ የጊታሩን ቅኝት ዝቅ አደረገው። ድምፁ ወፈረ፣ ጨለመ፣ ከበደ። ዛሬ በዓለም ላይ «ሜታል» የሚባለው የጊታር ድምፅ ከዚያ የፋብሪካ አደጋ ጋር ግንኙነት አለው።

ታሪኩ ደስ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «አያችሁ፣ ቆራጥ ከሆናችሁ ይሳካላችኋል» ይላል። ቲክቶክ ላይም የሚዞረው ይሄኛው ግማሽ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላኛው ግማሽ ነው። ልጆቹ የሚለማመዱበት ቦታ ነበራቸው። አስተን ውስጥ የሰፈሩ ሰው የሚጠቀምበት የማኅበረሰብ ማዕከል ነበረ፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ይለማመዱ ነበር። የባንዱ ስም ራሱ የመጣው ከልምምድ ቦታቸው ፊት ለፊት ያለ ሲኒማ ቤት ከሚያሳየው አስፈሪ ፊልም ርዕስ ነው ይባላል። ቀጥሎ ጀርመን፣ ሃምቡርግ ከተማ በሚገኝ ክለብ ውስጥ በቀን ብዙ ዙር እየተጫወቱ እጃቸውን አፈረጠሙ። ጥቅምት 1969 እ.ኤ.አ. ስቱዲዮ ሲገቡ የመጀመሪያ አልበማቸውን በአንድ ቀን ቀርጸው ወጡ። በአንድ ቀን! ይሄ ተአምር አይደለም፤ ክፍልና መድረክ ያገኘ ባንድ የሚያደርገው ነው።

ከዚያማ በኋላ ከ1970 እስከ 1975 ባለው ጊዜ ስድስት አልበም አወጡ። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

የኛ ጆሮ ምን ይወዳል?

አሁን ወደ አገር ቤት። «ጆሯችን አይቀበለውም» ለሚለው የመጀመሪያ መልሴ ስልካችሁ ላይ ነው። የፒያኖ አፕ ክፈቱ። ከየትኛውም ቁልፍ ተነሥታችሁ፣ ነጩንም ጥቁሩንም እየቆጠራችሁ፣ ስድስት ቁልፍ ወደ ቀኝ ሂዱ። ሁለቱን ድምፆች አንድ ላይ ምቷቸው። ይከብዳል፣ ያስፈራል አይደል? አውሮፓውያን ድሮ ይቺን ርቀት «ዲያቢሎስ በሙዚቃ ውስጥ» ብለው ሰይመዋታል። የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን የተገነባው በዚህች ርቀት ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱን፣ አንቺ ሆዬን፣ ውሰዱ። አምስት ድምፅ አለው። ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ አራተኛው ያለው ርቀት ስንት ነው? ስድስት ቁልፍ። ያው እሷው ናት! እነሱን ያስፈራችውን ድምፅ እኛ ሰርግ ላይ ስንጨፍርባት ኖረናል። አንቺ ሆዬን ከሰርግ ቤት የማያውቀው የለማ።

ሁለተኛው መልስ ሽለላና ፉከራ ነው። ድምፅን ከሆድ አውጥቶ መጮህ፣ እግርን መሬት ላይ መምታት፣ ፊትን ማኮሳተር። ይሄንን ከፈረንጅ አልተማርነውም። የሳክስፎኑ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በመሣሪያ ሲያወጡት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ፐንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋብዟቸው አምስተርዳም ሄዱ። በ2006 ደግሞ አብረው «ሞአ አንበሳ» የተባለ አልበም አወጡ። ሽማግሌው ሽለላውን ይነፋሉ፣ ከጎናቸው ጊታሮቹ ይጮኻሉ፤ እና ይገጥማል። ማንም ማንንም ለመምሰል አልተቸገረም።

ሦስተኛውን ደግሞ አስናቀ ገብረየስን የምታውቁ ታውቃላችሁ። «ዩካንዳንዝ» ከተባለ የፈረንሳይ፣ የሊዮን ከተማ ባንድ ጋር የአማርኛ ዘፈኖችን በሻካራ ጊታርና በከባድ ድራም ይዘፍናል። «ይቻላል» የተባለው አልበማቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

እና በዚያው በ2012 አዲስ አበባ ውስጥ ምን ተፈጠረ? ጃኖ።

ጃኖ ባንድ፤ የወጣበትና የቆመበት

ጃኖ ማለት ቀይ ጥለት ያለው የክብር ልብስ ነው። ድሮ መኳንንቱ ይለብሱት ነበር። አራት ድምፃዊ፣ ሁለት ሴት ሁለት ወንድ፣ ፊት ለፊት አሰልፎ፣ ከኋላ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ኪቦርድ የደረደረ የወጣቶች ባንድ ይሄንን ስም ይዞ ብቅ አለ። ሔዋን ገብረወልድ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ኃይሉ አመርጋ እና ድብኩሉ ታፈሰ ከፊት ነበሩ። ከጀርባ ባንዱን ያቋቋመውና የመራው አዲስ ገሠሠ ነው።

የመጀመሪያ አልበማቸው «ኤርታሌ» ይባላል። በአፋር ምድር ላይ ያለማቋረጥ በሚንተከተከው እሳተ ገሞራ የተሰየመ ነው። ለሮክ አልበም ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ቢል ላስዌል ነበር። ይሄን ስም እንደቀላል አትለፉት። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1986 የእንግሊዙን ሞተርሄድ ባንድ «ኦርጋስማትሮን» የተባለ አልበም ፕሮዲውስ ያደረገ ሰው ነው። በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን፣ በዓለም ያስተዋወቃትን አልበም ሠርቷል። ሞተርሄድንም ጂጂንም የሚያውቅ ሰው ጃኖን መሥራቱ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ጃኖ መቆም የፈለገው ልክ በሁለቱ መካከል ነበር።

ጃኖን «ሄቪ ሜታል» ማለት ይቻላል? በጥብቅ ትርጉሙ አይቻልም። ሮክ ነው፣ አንዳንዴ ወደ ከባዱ የሚጠጋ። ለኛ አገር ግን ወደ ሜታል በጣም ቀርቦ የመጣው የአደባባይ ባንድ እሱ ነው። እኔ በሦስት ነገር ባለውለታችን ነው እላለሁ። አንደኛ፣ አማርኛ በሮክ ላይ ሲጫን እንደማይሰበር አሳየ። ቋንቋችን ላልቶና ጠብቆ የሚነገር ስለሆነ ድራም ላይ ለመቀመጥ እንዲያውም ይመቻል። ሁለተኛ፣ ሴት ልጅ ከሮክ ባንድ ፊት ቆማ ስትጮህ የሚያስገርም መሆኑ ቀረ። ሦስተኛ፣ «ባንድ» የሚለውን ቃል መለሰልን። ለረጅም ጊዜ እኛ የምናውቀው ዘፋኝ ነበር፤ ባንድ ማለት ከዘፋኙ ጀርባ የቆሙ ስማቸው የማይጠራ ሰዎች ማለት ነበር። ጃኖ ሲመጣ ፖስተሩ ላይ የተለጠፈው የቡድኑ ስም ሆነ።

እሺ፣ ከዚያስ? ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ስድስት ዓመት ሆነ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አምጡት። ብላክ ሳባዝ ከስድስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ስድስት አልበም አወጣ፤ ጃኖ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ስድስት ዓመት ፈጀ። በመካከል ከፊት ከነበሩት ድምፃውያን በግላቸው መሥራት የጀመሩ አሉ።

ይሄን ያልኩት ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ሳባዝም እኮ ተበትኗል። ኦዚ በ1979 በመጠጥና በዕፅ ምክንያት ተባሯል፤ ድምፃውያን ተቀያይረዋል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለቅ የቆየው ጊታሪስቱ አዮሚ ብቻ ነው። ባንድ እንደ ትዳር ነው፣ ይጣላል። ልዩነቱ ሳባዝ ሲጣላ የሚመለስበት ነገር ነበረው። የሚሸጥ የድሮ አልበም፣ ከእሱ የሚመጣ የመብት ክፍያ፣ የሚጠብቅ መድረክ። በ1997 ተመልሰው ተገናኙ፣ በ2013 ያወጡት አልበም አሜሪካም እንግሊዝም አንደኛ ሆነ። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ አንደኛ መሆን የሚቻለው የሚያቆይ ነገር ሲኖር ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

የኛን ሒሳብ ለምሳሌ ያህል እንሥራው። አንድ የምሽት ቤት ለአንድ ምሽት 30 ሺህ ብር ከፈለ እንበል። ዘፋኝና ኪቦርዲስት ብቻ ከሆኑ ለሁለት ይካፈሉታል፤ 15፣ 15 ሺህ። አሥር ሰው ያለው ባንድ ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ 3 ሺህ። ከዚያ ላይ ድራሙንና አምፕሊፋየሩን የሚያመላልስ መኪና አለ፣ ሌሊት ቤት የሚያደርስ ራይድ አለ። ቃሊቲ ለሚኖር ልጅ ከቦሌ በሌሊት መመለስ ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ቤቱም በበኩሉ ያሰላል። ሁለት ሰው ቤቱን ከሞላለት አሥር ሰው ምን ያደርግለታል? ማንም ክፉ አይደለም፤ ሒሳቡ ግን ባንድ ይበላል።

ዕቃውም አለ። የጊታር ክር፣ የድራም ቆዳ፣ ገመድ፣ አምፕሊፋየር፤ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ክር ሲበጠስ «ትንሽ እንቆይበት» የሚል ጊታሪስት በዝቷል። አዮሚ ቀጭን ክር የመረጠው ጣቱን ስላመመው ነው። የኛው ልጅ የዛገውን ክር የሚያቆየው ኪሱን ስላመመው ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2007 ተሻሽሎ በጋራ ክፍያ የሚሰበሰብበት መንገድም ተቀምጦለታል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። አሁን ግን ሚኒባስ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ የምትሰሙት ዘፈን ለሠራው ሰው ስንት ብር እንደሚያስገባ ጠይቁ። ጥያቄው ራሱ ብዙ ሰው ያስቃል።

ድሮስ እንዴት ሆነ?

«ታዲያ እነ ዋልያስ፣ እነ ክብር ዘበኛ እንዴት ቆዩ?» ትሉኛላችሁ። እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ።

የዘመናዊ ባንዶቻችን ታሪክ ሲጀመር ጀምሮ ከተቋም ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች»፣ የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ከዚያ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቴአትር ቤቶች። ጌታቸው መኩሪያ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አልፈው፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ የገቡ ሰው ናቸው። ሰውዬው ጎበዝ ስለሆኑ ብቻ አይደለም ያን ያህል የቆዩት። ጠዋት የሚሄዱበት የልምምድ ክፍል፣ ወር ሲደርስ የሚፈርሙበት ደመወዝ ነበራቸው።

ዋልያስ ባንድ ከመንግሥት ተቋም ውጭ ቢሆንም ሒልተን ሆቴልን ያህል ቤት ነበረው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የከተማውን ምሽት ሲያንቀው ብዙ ቤት ተዘጋ፣ ትልልቅ ሆቴሎች ግን መጠለያ ሆኑ። ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለሙዚቃ ሲሄዱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን አልተወውም፤ ከታክሲው ኋላ ጭኖ፣ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ታሪኩ ሲነገር ሁሉም «ትዕግሥት!» ይላል። እኔ ስሰማው ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። ያን የሚያህል ሙዚቀኛ የልምምድ ክፍሉ የታክሲ የኋላ ወንበር ነበር። አንድ ሰው ኪቦርድ ይዞ ታክሲ ውስጥ መለማመድ ይችላል። ድራምና ሦስት አምፕሊፋየር ያለው ባንድ ግን የት ይገባል?

የጋራ ግድግዳ

ይሄን ጥያቄ ከአቃቂ ቃሊቲ አንጻር ተመልከቱት። ልጁ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግድግዳው የጋራ ነው። ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ድራም ልምታ ብትሉ ከጎረቤት በፊት የሚደርሰው የኮሚቴ ስብሰባ ነው። ግቢ ቤት ከሆነ ደግሞ ተከራይቶ ነው፤ አከራይዋ «እንዲህ የሚጮህ ነገር በቤቴ አይሆንም» ትላለች። እውነቷን ነው። ማን ልጁን አስተኝቶ ድራም ይሰማል?

እስቲ ግን ሰፈሩን እዩት። በአዲስ አበባ ውስጥ ለጩኸት ከአቃቂ ቃሊቲ የተሻለ ቦታ የት አለ? ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆረጥ የሚውልበት ጎዳና ማታ ላይ የጊታር ድምፅ ማንን ይረብሻል? መጋዘን ሞልቷል። ሥራ ያቆመ የፋብሪካ አዳራሽ አይጠፋም። በየወረዳው የወጣቶች ስብዕና ልማት ማዕከል አለ፤ ብዙውን ጊዜ ፑል፣ ከረንቦላ፣ ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን ነው ያለው። ከነዚህ ክፍሎች አንዱን ግድግዳውን በስፖንጅና በወፍራም ምንጣፍ ሸፍኖ፣ አንድ ድራም፣ ሁለት አምፕሊፋየር አስቀምጦ፣ በሰዓት ተራ ማስያዝ ምን ያህል ይከብዳል? የአንድ ክፍል ጉዳይ ነው። አስተን የነበረውም ክፍል ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ጎረቤት አፍሪካውያን ከኛ የተሻለ ሀብት ኖሯቸው አይደለም። ቦትስዋና ውስጥ ቆዳ ጃኬትና የካውቦይ ባርኔጣ የለበሱ የሜታል ወዳጆች ፎቶ ዓለምን አስገርሟል። «ኦቨርትረስት» ከተባለው ባንዳቸው አባላት መካከል በሥራው ፖሊስ የሆነ ነበረበት፤ ባንዱ ጋንዚ በተባለች ሩቅ ከተማ የሜታል ፌስቲቫል ያዘጋጅም ነበር። ኬንያ ደግሞ «ዱማ» የተባሉ ሁለት ልጆች በ2020 አልበም አውጥተው ከናይሮቢ አልፈው አውሮፓ ተሰምተዋል። ሁለት ሰው ብቻ! ድራሙን በኮምፒውተር ሠርተው። ሁለቱም ጋ የማየው አንድ ነገር ነው። የሰው ብዛት ቀንሰው፣ ቦታ አበጅተው፣ በየዓመቱ እዚያው ቦታ መገኘት።

«ዳቦ ሳይኖር ጊታር?» እና ሌሎች

አስተያየት መስጫው ላይ የሚመጣውን አውቃለሁ። ቀድሜ ልመልስ።

«ዳቦ ሳይኖር ጊታር?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጊታር ዳቦን አይተካም። ግን ሥራ የሌለው ልጅ ቀኑን የሆነ ቦታ ያሳልፋል። ጫት ቤትም ቤት ነው፣ ቤቲንግ ቤትም ቤት ነው። ለእነዚያ ክፍል ሲገኝ ለሙዚቃው ሲታጣ ነው የሚቆጨኝ። ደግሞ ሙዚቃ ሥራ ነው። ድምፅ የሚቀርጸው፣ መብራት የሚሠራው፣ ዕቃ የሚጠግነው፣ የሚያጓጉዘው ሁሉ ከአንድ ባንድ ይበላል።

«ይሄ የሰይጣን ሙዚቃ ነው።» ወላጅ ቢሰጋ አልፈርድበትም። ኦዚ በሕይወቱ በመጠጥና በዕፅ ምን እንደደረሰበት ስናይ ስጋቱ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ይህ ግን የሰውዬው ሕይወት እንጂ የጊታሩ ቅኝት አይደለም። የባንዱ ስም ከፊልም ርዕስ የመጣ ነው ብያችኋለሁ፤ ከታወቁት ዘፈኖቻቸው አንዱ ጦርነት ጫሪ ጄኔራሎችን የሚያወግዝ ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ መብራት ባለበት፣ ተቆጣጣሪ ባለበት ማዕከል ውስጥ የሚለማመድ ልጅ ደግሞ ከየትኛውም ጨለማ ቤት ይልቅ ለወላጁ ይታያል።

«ባህላችን አይደለም።» እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። ባህላችን ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ሲያሸሽ፣ ዘፋኙን «አዝማሪ» እያለ ሲያናንቅ ኖሯል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ብረትም ዘፈንም የተናቁበት አገር ውስጥ «የብረት ዘፈን» ቢናቅ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ማረሻውንም የቀጠቀጠው፣ ሰርጉንም ያደመቀው ያው የተናቀው ሰው ነበር።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ወረዳው ክፍል ይስጥ ብዬ ዝም አልልም። ስልክ የያዛችሁት እናንተም ድርሻ አላችሁ። የጃኖን ዘፈን ስትወዱት የሆነ ሰው ቆርጦ ከጫነው ገጽ ሳይሆን ከባንዱ ከራሱ ገጽ ወይም ክፍያ ከሚደርስበት አፕ ስሙት። ባንድ የሚጫወትበት ቤት ሲኖር መግቢያውን ከፍላችሁ ግቡ፤ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ብቻ አትውጡ።

ባንድ መመሥረት ለምትፈልጉት ደግሞ ሒሳቡን አስታውሱ። ሳባዝ አራት ሰው ነበር። አራት ሰው ለ30 ሺህ ብር ሲካፈል 7 ሺህ 500 ነው፤ ከ3 ሺህ ይሻላል። ዱማ ሁለት ነበሩ። አሥር ሰው ሰብስባችሁ በሁለተኛው ወር ከምትበተኑ ሦስት ሆናችሁ ሦስት ዓመት ቆዩ። ሦስት ሰው ባጃጅ ውስጥም ይገባል።

በርሚንግሃም ከተማ አራቱን ልጆቿን ሰኔ 2017 ዓ.ም. የከተማዋን የክብር ነፃነት ሰጥታቸዋለች። በስማቸው የተሰየመ ድልድይም አላት። ኦዚ ሲሞት አስከሬኑ በዚያ ድልድይ በኩል ሲያልፍ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ሸኘው። አንድ ጊዜ ታስሮ የነበረ፣ ማረጃ ቤት የሠራ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው የፋብሪካ ሰፈር ልጅ ነው። ከተማዋ ዛሬ በእሱ ስም ጎብኚ ትጠራለች።

አቃቂ ቃሊቲን ስንት ሰው በምን ያውቃታል? በጉምሩክ፣ በእስር ቤት፣ በመናኸሪያ፣ በትራፊክ መጨናነቅ። እዚያ የሚያድጉት ልጆች ሰፈራቸውን የሚያስጠራ ሌላ ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። ድምፁን በነፃ እየሰሙ አድገዋል። የጎደላቸው በር ያለው፣ መብራት ያለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፈት አንድ ክፍል ነው። የወረዳ ኃላፊ የሆናችሁ፣ ወይም ባዶ መጋዘን ያላችሁ ሰዎች ይቺን ጽሑፍ በስልካችሁ እያነበባችሁ ከሆነ፣ ቁልፉ እናንተ እጅ ላይ ነው።